የፈረጠ ቲማቲም

ቢቸና ገበያ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ከሳጥን ሥር የተጨፈለቀ ቲማቲም የሚኮመጥጥ ሽታ ያወጣል፤ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ዘንቢሌን እንደያዝሁ ቆም እላለሁ፤ ሽታው ሞጣ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደነበርሁበት ዘመን ይመልሰኛል።

ያን ጊዜ የቤታችን አስቤዛ በእኔ እጅ ነበር። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ገበያ መውጣት ስትተው ሙያውን ለእኔ አስተላልፋ ነበር፤ ጎመን ሲቀነጥሱት ቀጭ የሚል፣ ድንች አረንጓዴ ያልመታው፣ ቃሪያ ቆዳው የተወጠረ፣ ቲማቲም ደግሞ በአውራ ጣት ሲነኩት የማይሰምጥ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ከጓደኛዬ ከስንዱ ጋር እየተሳሳቅን፣ አትክልት ሻጮቹ ማዳበሪያ አንጥፈው በተቀመጡበት መካከል ስንዞር፣ በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ነጻ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ስንዱ ክንዴን ጎተተችኝ።

«ዞረሽ እንዳታይ። እኒያ ነጠላቸውን ያጣፉት ሴትዮ ከቢቸና የመጡ ናቸው፤ እኛ ጎረቤት ነው ያረፉት። ለልጃቸው አንቺን ሊያዩ ነው» አለችኝ።

በእኛ አገር የልጅ ሙያ ገበያ ላይ ይታያል ይባላል፤ እንግዲያው ሙያ ቢስ ልሁን ብዬ ቆረጥሁ። ባላቸው ሞቶባቸው ቲማቲም እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እትዬ የሻረግ ዘንድ ሄጄ፣ ከመደቡ ዳር ገፋ ያደረጉትን ፍርጥርጥ ያለውን ቲማቲም አነሳሁ።

«ምን ነካሽ ልጄ? እሱን እኮ ልጥለው ነው» አሉኝ።

«ግድ የለም፣ ይኸንኑ ይስጡኝ» አልሁ፣ ሴትዮዋ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ውሃው ከዘንቢሉ እየተንጠባጠበ ቀሚሴን አጨቀየው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ያመለጥሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ከጓዳ ሆኜ አንደኛው ሲናገሩ ሰማሁ፦ «እናቲቱ በዓይናቸው አይተዋታል። ከድሃ ሴት መደብ ላይ፣ እንዳይከስሩ ብላ ሌላው የተወውን አንስታ ገዛች። እንዲህ ያለ አንጀት ያላት ልጅ ከየት ይገኛል ብለዋል።» አባቴ አመስግኖ እሺ አለ።

እንግዶቹ የሄዱ ዕለት ማታ እናቴ አጠገብ ተቀመጥሁ።

«እማ፣ እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው።»

«ሽማግሌው ሲናገሩ ዘንቢሉ ትዝ አለኝና ገባኝ። ለአባትሽም ነገርሁት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ብልህም ናት ማለት ነው አለኝ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በፋሲካ ማግስት ተድሬ ቢቸና ገባሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አማቴማ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። የእኔን ደግነት ለጎረቤት ሁሉ ስላወሩ፣ ገበያ ይዘውኝ ሲወጡ «ልጄ፣ ለእነዚያ ምስኪኖች እዘኚላቸው» እያሉ የተጨፈለቀውን በኩራት ያስገዙኝ ነበርና፣ ዓመታት ሙሉ የቤታችን ወጥ የሚሠራው ሌላው ሰው ከተወው ቲማቲም ነበር። እውነቱን ልነግራቸው ስንቴ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ከክፉ ሰው ይሸሻል፤ ከደግ ሰው ወዴት ይሸሻል? ሳያውቁ አረፉ፤ እኔም ከልቤ አለቀስሁላቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስንዱ ነርስ ሆና ለሥራ ወደ ቢቸና መጣችና ቤቴ ገባች። ስንጫወት ቆይተን ስለ ክፍላችን ጠየቅኋት።

«ትመለሳለች ብዬ ወንበርሽ ላይ ደብተሬን እያስቀመጥሁ ቦታሽን ያዝሁልሽ» አለችኝ። «ኋላ መምህሩ ከኋላ የነበረችውን ልጅ አምጥተው አስቀመጡበት።»

ስሟን ብጠይቃት ማስታወስ አቃታት። እኔ ግን በእኔ ቦታ የተቀመጠችውን ያችን ልጅ፣ የት ደርሳ ይሆን እያልሁ፣ አሁንም አስባታለሁ።