ተራ የሚጠራው ድምፅ የእኔ ነው

እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የመሬት ይዞታ ጉዳይ በሚስተናገድበት መስኮት ተቀምጬ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያኔ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ባለጉዳይ ገና ጎህ ሲቀድ ይመጣና በሩ ፊት ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ አጥር ሥር ይቆማል። የእንጅባራ ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት፣ ድንጋዬን አነሳህ፣ የለም አላነሳሁም እየተባለ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

አንድ የክረምት ቀን ከአዘና የመጡ አዛውንት መስኮቴ ዘንድ ሊደርሱ ሁለት ሰው ሲቀራቸው ለሽንት ወጣ ብለው ተመለሱ። ከኋላቸው የነበሩት አናስገባም አሉ። አልተከራከሩም፤ ሄደው ከመጨረሻው ቆሙ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ሳይስተናገዱ ቀሩ።

«አባቴ፣ ነገ በጠዋት ይምጡ፤ እኔው አስተናግድዎታለሁ» አልኳቸው ስወጣ።

«ልጄ፣ ዛሬም እኮ በጠዋት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። የከበደኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ጉዳያቸው ያለቀው በሩብ ሰዓት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ የሚቆይበትን ደቂቃ በደብተር መያዝ ጀመርኩ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ይዤ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ።

«ሰውን የሚያጉላላው የሥራችን ርዝመት አይደለም፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ አለማወቁ ነው» አልኳቸው። «ስልኩን እንመዝግብና ሲቃረብ እንጥራው።»

ደብተሩን ገጽ በገጽ አዩት። «ሞክሩት» አሉ በመጨረሻ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ሥርዓቱን አዘጋጀ። ባለጉዳይ ከቤቱ ሆኖ በስልክ ይመዘገባል፣ ቁጥሩ ይነገረዋል፤ አምስት ሰው ሲቀረው የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። እስከዚያ ገበያውም ውስጥ ይዋል፣ ዘመድም ይጠይቅ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን አሳፈረን። መልእክቱ ይላካል፣ ሰው አይመጣም፤ መስኮቱ ባዶውን ይውላል። አንዲት እናት አመሻሽ ላይ ሲደርሱ «መልእክት አልደረሰዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «ደርሶኛል፤ ማን ያንብብልኝ?» አሉ በአዊኛ።

ባለሙያውን «መልእክቱ በስልክ ጥሪ፣ በድምፅ ይሁን፤ በአማርኛም በአዊኛም» አልኩት።

«እንግዲያው አንቺው ቅጂው» አለኝ።

እሺ ለማለት ተቸገርኩ። ከገጠር ወጥቼ ዳንግላ ትምህርት ቤት ስገባ፣ አማርኛዬ ውስጥ አዊኛ ጣል ባደረግኩ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዊኛዬን ከቤት ውጭ አውጥቼው አላውቅም። ቢሆንም መዝገብ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና፣ ለአባቴ በምናገርበት አነጋገር፣ አምስት ሰው ብቻ እንደቀራቸውና ሳይቸኩሉ እንዲመጡ ለባለጉዳዮቹ በአዊኛ ተናገርኩ። ሦስት ጊዜ ነው የቀዳሁት፤ ሁለቴ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ተበላሸ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ግቢው ውስጥ ድሮ በሰው ተሸፍኖ የማይታየው ሣር ይታያል። ሰው አንድ በአንድ፣ የገዛውን አንጠልጥሎ ይገባል። አንድ ጎልማሳ ወረቀቱን እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ፈዝዞ አየኝና ወደ ኋላው ዞሮ «ስልኩ ውስጥ ያለችው እኮ ይቺ ናት!» ብሎ ጮኸ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ፤ ሳቁ። ያ ሳቅ ደስ አለኝ።

አሁንም ኔትወርክ ሲጠፋ ይቸግራል። ስልክ የሌለው በጎረቤት ቁጥር ይመዘገባል፤ ያም ካልሆነ የወረቀት ቁጥር እንሰጠዋለን። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ግን እየመጡ አሠራራችንን ያያሉ፤ ኃላፊያችንም «እሷን ጠይቋት» እያሉ ወደ እኔ ይልኳቸዋል።

ባለፈው ጥር ቀና ብዬ ቀጣዩን ስጠራ ከፊቴ የቆመው አባቴ ነው። ለራሱ ጉዳይ ተመዝግቦ፣ ሳይነግረኝ፣ ተራውን ጠብቆ መጣ።

«አባዬ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠራሽኝ፣ መጣሁ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስልኩን ገበያ አብረውኝ ለወጡት ጎረቤቶች ሁሉ አሰማኋቸው። የእኔ ልጅ ናት አልኳቸው።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሳልሳሳት ሞልቼ አስፈረምኩት።