የግመሉን መንገድ የናቅሁ ለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ከቤቴ ደጃፍ በወጣሁ ቁጥር ፈንታሌ ተራራ ፊት ለፊቴ ስለሚቆም፣ ልርሳው ብልም አያስረሳኝም።

አዋሽ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባጃጅ ተገልብጦብኝ ግራ ጉልበቴ ተሰብሮ ነበር። ወራት በምርኩዝ ከሄድኩ በኋላ ሐኪሙ «አሁን ድነሻል፣ ተራመጂ» አለኝ። እኔ ግን ጉልበቴን አላመንኩትም። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት፤ በቃ።

የሰፈራችን መምህራን ሰው አሰባስበው ፈንታሌን ሊወጡ መሆኑን ስሰማ፣ «እዚያ አናት ላይ በእግሬ ከቆምኩ ድኛለሁ፤ ካልቆምኩም ቁርጡን ልወቀው» ብዬ ተመዘገብኩ። ጓደኛዬ ዘይነባም ልታጅበኝ ከሰመራ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፣ ሰመራ ሱቅ አላት።

መሪያችን ሐመዱ የሚባል የአካባቢው አፋር ነበር። በማለዳ ተራራው ግርጌ እንደደረስን ጫማችንን አየ። ከዚያ ከአንዲት ጉብታ ላይ አንድ በአንድ እንድንወርድ አዘዘን።

«ልንወጣ አይደል እንዴ የመጣነው?» አልኩት።

«መውጣት ሁሉም ይወጣል» አለ። «ሰው የሚለየው ሲወርድ ነው።»

ወረድን። ቀልጠፍ ያሉትን መምህራን በፍየል መንገድ መደባቸው፤ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ። የቀረነውን በግመል መንገድ፤ ረጅም ነው፣ ተራራውን እየዞረ ቀስ ብሎ ይወጣል። እኔን ሲያይ ለአፍታም አላመነታ።

«አንቺ ግመል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘይነባማ «ወላሂ ልክ ብለሃል፣ ሸክሟም የግመል ነው!» ብላ አዋረደችኝ።

እኔ እኮ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ገደል ለገደል ነው ያደግኩት። የቆላ ሰው ተራራ መውጣት ሊያስተምረኝ? ስለ ጉልበቴም ትንፍሽ አላልኩ። ዘይነባ ጫማዋን ስታስር፣ ሐመዱም የግመሉን ወገን ሲያሰልፍ፣ ከመምህራኑ ኋላ ተሸጉጬ በፍየሉ መንገድ ሾለክሁ።

መውጣቱስ አማረብኝ፣ አልዋሽም። ከግማሽ በላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ወደ አንድ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ሁሉ እሳተ ገሞራ የተፋው ልል ጠጠር ነው። መምህራኑ እየተንሸራተቱ፣ እየተሳሳቁ ወረዱና ከዓይኔ ተሰወሩ። እኔ እንዳገሬ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ተረከዜን ተከልኩ። የመንዝ መሬት ተረከዝ ይይዛል፤ ይሄ አይይዝም። ጠጠሩ ከሥሬ ሄደ። በቂጤ ተንሸራትቼ አንድ ድንጋይ ላይ ተገታሁ።

ግራ ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወደ ላይም ወደ ታችም መንቀሳቀስ አቃተኝ። ብጣራ ድምፄን ነፋሱ ይወስደዋል። «ዛሬ ደግሞ ከሰበርኩት፣ ሁለተኛ አልሄድበትም» እያልኩ እንባዬ መጣ።

ከማዶ አንዲት ፍየል ጠባቂ አፋር ሴት አየችኝ። ባለሽበት ሁኚ ብላ በእጇ አመለከተችኝና መንገዷን ቀጠለች። ትታኝ የሄደች መስሎኝ የባሰ አለቀስኩ። ለካ የሄደችው ልትናገር ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። እሷ ለአንድ ግመል ነጂ፣ ግመል ነጂው ለሐመዱ። ብዙም ሳልቆይ ሐመዱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከጎኔ ብቅ አለ።

«አንቺ ግመል አይደለሽም?»

«ነኝ» አልኩት። ምን ልበል።

«ግራው ጉልበት ነው የሚያምሽ?»

«ማን ነገረህ?»

«ጉብታዋን ስትወርጂ እግርሽ ነገረኝ።»

አልተቆጣኝም። ዱላውን ሰጠኝ። «ታች አትዪ። ያቺን ቁጥቋጦ እያት። ወደ እሷ አግድም ሂጂ።» ቁጥቋጦዋ ጋ ስደርስ ሌላ አሳየኝ፣ ከዚያ ሌላ። ጨርቅ በሰያፍ እንደምቆርጠው ተራራውን በሰያፍ ቆረጥነው። ሳላስበው እግሬ የግመሉን መንገድ ረገጠ።

ዘይነባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቴምር ትበላለች። ገና ከሩቅ «በቂጧ የወረደችው መጣች!» ብላ ጮኸች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ስደርስ ግን አቅፋኝ አለቀሰች።

ተደጋግፈን ከሰው ሁሉ በኋላ አናቱ ላይ ወጣን። ያ ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ከሥራችን ተከፍቶ፣ እዚህም እዚያም እንፋሎት ይተነፍሳል። ወደ አዋሽ ዞር ብል ከቆርቆሮዎቹ መሀል የኔ ቤት የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ግን ቆሜያለሁ።

በሳምንቱ አንድ የማላውቃቸው አፋር ሽማግሌ የሽርጣቸውን ጠርዝ ሊያሰፉ መጡ። ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ እግሬን አዩና «ዳነ?» አሉኝ።

«ድኗል» አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥር ሲመጣ ደግመን ልንወጣ ነው። ዘንድሮ ሐመዱ ጫማዬን እንኳ ሳያይ ከግመሎቹ በኩል እቆማለሁ። ጉልበቴንም አልደብቅም፤ ለነገሩ ብደብቀውስ፣ በዚህ አገር ያልሰማ ማን ቀርቶ!