የዘለለው ሽንኩርት

ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ የቅቤና የሽንኩርት ሽታ ሲያውደኝ አክስቴ ፊቴ ድቅን አለች።

በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን አዳራሽ ለሴቶች ማኅበር ምግብ አሠራር ስታስተምር እኔንም በልጅነቴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት በቅቤ ቶሎ ቶሎ እያገላበጡ መጥበስን፣ እሷ ‹ሶቴ› የምትለውን፣ ስታሳይ ወጣቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ትምህርቱ መሀል ገባ።

«ጓድ፣ ‹ሶቴ› የምትይው ቃል የቡርዧ ነው። በሁሉም ፊት ግለሂስ አድርጊ!» አላት።

አክስቴ መጥበሻውን ከእሳቱ አንስታ ሽንኩርቱን ወደ ላይ ወረወረችውና አንዷም ቁራጭ መሬት ሳትነካ ቀለበችው።

«በፈረንሳይኛ ‹የዘለለ› ማለት ነው። ፈረንጆች ወጥ ቤት ተቀጥሬ እጄን እያቃጠልኩ የተማርኩት ነው፤ አልተወውም። እስቲ አንተ አዝልለው፤ ከቀለብከው ስሙን አንተ ታወጣለታለህ።»

መጥበሻውን መልሳ ጥዳ እጀታውን አስያዘችው። እሱ ሲያመነታ ሽንኩርቱ አረረበት።

ከዚያ ወዲያ እንድታስተምር አልጠሯትም።

አስተናጋጇ መጥታ «የተጠበሰ አትክልት ላምጣልዎት?» አለችኝ።

«ሶቴ በይው» አልኳት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።