እናቴ በሽተኛ ያለችኝ ቀን

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ቃለ መጠይቅ የፈራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከእኔ የባሰ ያየም ብዙ ነው። ሆኖም አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስለ ፍርሃት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኸው ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እንደ ወጣ ዳባት ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ምሕንድስና የሚያስተምር የጦር አካዳሚ እጩዎች ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ደባርቅ ላይ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ወላጅም ቀርቦ መፍቀድ አለበት ይላል። ከምሕንድስና ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም። ዩኒቨርሲቲ ብገባ ይድረሰኝ አይድረሰኝ አላውቅም፤ እዚህ ካለፍኩ ግን በእጄ ነበር።

ያዘጋጀኝ የእናቴ ወንድም ነው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ አሁን የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ፣ ስካውት ማለት የፓርክ ጠባቂ ነው። ለእረፍት ሲወርድ ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ጋቢውን እንደ ካፖርት ደርቦ ጠያቂ ይሆንልኛል።

«ለምን ወታደር መሆን ፈለግሽ?»

«አገሬን ለማገልገል…»

«ይህንንማ ሁሉም ይላል። ደግሞ ወደ መሬት አታውሪ፤ የሚፈትንሽ መሬቱ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ የትልቅ ሰው ዓይን እንዴት ብዬ ልይ?»

«እየው! የፓርኩ ዝንጀሮ እንኳ ትክ ብሎ ያየኛል፤ አንቺ ታንሻለሽ?»

ጠዋት ጠዋት ዳገት ያስሮጠኛል። እግሬ በረታ፤ ልቤ ግን አልበረታም። እናቴ ገበያ ውስጥ ገብስና ባቄላ ትሸጣለች። «ሂጂ» ብላኛለች፤ ነገር ግን ያለችው ፊቷን አዙራ፣ ባቄላ እየሰፈረች ነው። መልሱ ከሚጠፋብኝ ይልቅ እሷ ሰው ፊት ቃሏን ታጥፋለች ብዬ እሰጋ ነበር።

በቀጠሮው ቀን በሚኒባስ ደባርቅ ደረስን። የደባርቅ ብርድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን የምንቀጠቀጠው በብርዱ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከሩቅ የመጣ አንድ መኮንን፣ ከእሱ ግራና ቀኝ ደግሞ የአካባቢያችን ሰዎች የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የአጎቴን ምክር ይዤ መኮንኑን ዓይን ዓይኑን እያየሁ መለስኩ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ፤ ቢሆንም ጨረስኩ። ከዚያ እናቴ ተጠራች።

መኮንኑ ደግ ሰው ነበር። ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሰጣትና ፈገግ አለ። «እናት፣ ጎበዝ ልጅ ነው ያሳደጉት። ቁመናዋን ይዩት! እንዲህ ያለች ጠንካራ ልጅ ዛሬ አላየሁም» አላት።

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ።

«ኧረ ምን ጥንካሬ አላት የኔ ጌታ! በሽተኛ ናት እንጂ። ብርዱ ሲመጣ ሳሉ ያጣድፋታል። ዳገት ስትወጣ ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። እህል የሚባል ነገር ካፏ አይገባም።»

መኮንኑ ፈገግታውን አጥፎ መጻፍ ጀመረ። የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኛል። ሴትዮዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ ይህ የእናት ነገር ነው። ልጇን ሲያሞግሱባት ዓይን ይወጋታል ብላ ፈርታ ነው።»

«እኔ የምጽፈው የተነገረኝን ነው» አላት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ጤነኛ ናት ይበሉኝና እሰርዘዋለሁ።»

ሁላችንም እናቴን አየናት። በልቤ «በይ፣ እማዬ፣ በይ» እላለሁ። መቀነቷን ያዘች፣ ለቀቀች። በመጨረሻ «እናንተው አስመርምሯት» አለች።

ውጭ እንደ ወጣን እንባዬ መጣ።

«እንዳልሄድ ብለሽ ነው አይደል?»

«እንዳትሄጂ ብፈልግማ አልፈቅድም እል ነበር፤ ማንን ፈርቼ?» አለችኝ ተቆጥታ። «የማላውቃቸው ሰዎች ዓይናቸውን ተክለውብሽ ጠንካራ፣ ጎበዝ ሲሉሽ ዝም ልበል? ከዚያ ወዲያ በምን ትተርፊልኛለሽ?»

አመንኳት፤ ግን ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ወደ ሆስፒታል የተላክሁት በሌላ ቀን ነበር። እስከዚያ ድረስ ትንፋሼን ሳዳምጥ ከረምኩ። ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር እናቴ የተናገረችው በእውነት መጣ እላለሁ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ሲያደርግ ልቤ እንደ ነጋሪት ይመታ ነበር።

«ሮጠሽ ነው የመጣሽው?»

«አይ፣ ፈርቼ ነው።»

ሳቀና ኮሪደሩ ላይ አረፍ እንድል አስወጣኝ። እንደገና ሲለካኝም ያው ነው። «ለማንኛውም እጽፋለሁ፤ የሚወስኑት እነሱ ናቸው» ብሎ አሰናበተኝ። ልቤን እየረገምኩ ዳባት ገባሁ።

ስልኩ ሲደወል ገበያ ውስጥ እናቴን እያገዝኩ ነበር። የማላውቀው ድምፅ ስሜን እስከ አያቴ ጠርቶ አረጋገጠና ምርመራውን ማለፌን፣ መመረጤንም ነገረኝ። ስነግራት እናቴ የባቄላው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እልል አላለችም። ዙሪያውን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መቼ ነው የሚወስዱሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። የያዘችው ጣሳ እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔ እጅ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ረግቷል።

ስልኩ የተደወለው ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ነው።