እማዬ ባዶ እግሯን የታየችበት ፊልም

ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በምሠራባት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከማተሚያው ትኩሱን የሚወጣ ወረቀት ሽታ ከሥራ በቀር ምንም አስታውሶኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የታሪክ መምህር ለሚጽፈው መጽሐፍ ስለ ገጠር ኑሮ ከተሠራ የቆየ ፊልም የወሰደውን ምስል "በትልቁ አትሚልኝ" ብሎ ፍላሽ ሰጠኝና፣ ወረቀቱ እየተንሸራተተ ሲወጣ መጀመሪያ ባዶ እግሮች፣ ከዚያ ቀሚሶች፣ በመጨረሻም የእናቴ ፊት ብቅ አለ።

ያንን ፊልም በልጅነቴ ያየሁት ጌጃ ሰፈር፣ መስኮቱ በጆንያ በተሸፈነ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ነው። እማዬ ኮረዳ ሳለች ፊልም ሠሪዎች መርሐቤቴ፣ መንደሯ ድረስ መጥተው ሰዉን የሠርግ አጃቢ አድርገውት ኖሮ፣ ጎረቤቱን ሁሉ "ኑ እዩኝ" ብላ ሰብስባ፣ ያጠበችውን ነጠላ አጣፍታ ፊት ተቀመጠች። ስትታይ ግን ቤቱ በሳቅ አውካካ።

"ውይ አንቺ! ሠርግ በባዶ እግር ነው እንዴ የሚኬደው?" አለች ግድግዳ የምትጋራን እትዬ ደብሬ።

"አውልቁ ብለውን ነው! ገጠር አይመስልም አሉን እንጂ ሁላችንም ኮንጎ ጫማ ነበረን።"

"እሺ፣ ባለጫማዋ!"

ስሙ በዚያው ጸናባት። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ልብስ ስናጥብ ግን የዚያን የላስቲክ ጫማ ቀለም፣ ቀዳዳዎቹን፣ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ ሳትጠየቅ ታወራልኛለች። እውነቷን ይሆን? ፊልሙ በተከፈተ ቁጥር እየሾለክሁ ገብቼ፣ ባለቤቱ "አንቺ ልጅ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ግቢበት እንጂ!" እስኪለኝ ድረስ አፍንጫዬን ስክሪኑ ላይ ለጥፌ እግሯን እፈልጋለሁ፤ ትዕይንቱ ግን እልም ይላል።

አሁን ምስሉ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሴቶቹ ቅልጥም አቧራ ለብሷል፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ግን እግራቸው ጽድት ያለ ሆኖ፣ ባወለቁት ጫማ ቀዳዳ የገባው አቧራ ብቻ ነጠብጣብ ሠርቶበታል።

ከደንበኛ ጋር ሳወራ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ። ግን እማዬ መጽሐፍ ውስጥ ባዶ እግሯን ልትቀር ነው ብዬ ስለፈራሁ፣ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

"ጫማ ነበራቸው። አስወልቀዋቸው ነው። ይቺ... እናቴ ናት።"

መምህሩ አቀርቅሮ ብዙ አየና ፊቱ በራ። "እኔ እኮ የምፈልገው ይሄንን ነው! እናትሽን ላነጋግራቸው እችላለሁ?"

አርፋለች አልኩት። የሳቁባትም ሰፈሩ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል።

"በቃ አንቺ ንገሪኝ፣ እህቴ" ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ከኋላ ያለው ጎጆ የማን እንደሆነ፣ ምን እየዘፈኑ እንደነበር፣ እናቴን ትከሻዋን አቅፋ የምትስቀው ልጅ ማን እንደሆነች። ልጅቷን እኔም ገና ማየቴ ነበር። እንዲህ አጥብቃ ያቀፈቻት እህቷ ትሁን ጓደኛዋ አላውቅም፤ ስሟን የሚነግረኝም ከእንግዲህ የለም።