የእማማ ዘይነባ ሶዳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አንዲት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አምጥታ፣ «አያቴ፣ ሲያፍንሽ ደረትሽን ተቀቢው፤ ሰላጣሽ ላይም ጠብ አድርጊበት» አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። ሰው የሰጠኝን ነገር ሁሉ ሦስቴ ገልብጬ ማየት የቆየ አመሌ ነው። ያን ቀን ግን ጠርሙሱን እንደያዝኩ ሐረር ትዝ አለችኝ።

ሐረር የሄድኩት አስተማሪው ባሌ ሲመደብ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከጎንደር ተከትዬው ነው። ፈላና በር አጠገብ ቤት ተከራየን። እናቴ ስትሸኘኝ «የሰው አገር ነው፤ ከሰው እጅ አትቅመሺ» ብላኝ ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ ዘይነባ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ፤ ልብሳቸው ሄልና ቅርንፉድ ይሸታል። ማንጎ ያመጡልኛል። እኔም አመስግኜ እቀበልና፣ ዞር ሲሉ ለአከራያችን ፍየል እሰጣለሁ። ፍየሏ ያን ዓመት ወፈረች።

ክረምቱ ሲገባ ዓመት ያልሞላት ልጄን ሳል ያዛት። ባሌ ለሥራ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር። እማማ ዘይነባ ሳሏን በግድግዳው ሲሰሙ አድረው ኖሮ፣ ጠዋት ብልቃጥ ይዘው መጡ።

«አብሽሪ ልጄ። የሐበሶዳ ዘይት ነው፤ ደረቷን እሺበት። ላንቺም ሾርባሽ ላይ ጠብ አድርጊበት።»

እኔ የማውቀው ሶዳ ሳሙና ሲሠራ የሚጨመረውን ነው። አገሬ ሳለሁ የጎረቤታችንን ልጅ ጉሮሮ ልጦታል። ልጄን አቅፌ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«ልጄን በሶዳ ሊገድሉብኝ ነው?»

እማማ ዘይነባ አልተቆጡም። «ቢስሚላሂ» ብለው ከብልቃጡ አንድ ጊዜ ተጎነጩለት። ከዚያም የሻሻቸውን ቋጠሮ ፈትተው ጥቂት ጥቁር ፍሬ መዳፌ ላይ በተኑልኝ።

«ሐበሶዳ የምንለው ይኸን ነው፣ ወላሂ። ካላመንሽ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ የሚገድል ከሆነ እኔን ይቅደመኝ።»

ሳሸተው በየሳምንቱ ዳቦዬ ውስጥ የምጨምረው ጥቁር አዝሙድ ነው። እንዲያም ሆኖ ሂዱ አላልኳቸውም። ገበያቸውን ትተው እስከ ቀትር ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። ደህና መሆናቸውን አይቼ ነው ልጄን ያሸኋት። ዘይቱ ይሁን የወጣላት ፀሐይ እንጃ፣ በሦስተኛው ቀን ሳሉ ለቀቃት።

ይቅርታ ስጠይቃቸው «እናት አይደለሽ፣ ምን ታድርጊ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ምንም ነገር ሲያመጡልኝ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ደጃፌ ላይ ቆመው አስቀድመው ይቀምሱልኝ ጀመር። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን። ፍየሏም ማንጎ ቀረባት።

እማማ ዘይነባ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው። «ይተዉ፣ አይቅመሱልኝ» ያላልኳቸው ስላፈርኩ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምን እዋሻለሁ፤ ሲቀምሱ ሳይ ልቤ ያርፍ ነበር።