የተሰረዘችው ቃል

ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከመምህርት ልደት አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ጠርዙ በክር የተጠገነ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም በወጉ ተተኩሷል፤ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቷል። የልጅ ልጃቸው ደብተሯን ጭናቸው ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ታነብላቸዋለች።

«በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች...»

ሽማግሌው ቀዩን እስክሪብቶ መዘዝ አድርገው «በኢትዮጵያ»ን «የኢትዮጵያ» አደረጉና «የሚኖሩ» የምትለዋን ቃል ሰረዟት። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብተር ያረመችው ልደት ቃል እንዲህ በቀስታ ሲሰረዝ አይታ አታውቅም።

«ምን አጠፋሁ፣ አባባ?»

«አላጠፋሽም፣ የኔ ልጅ። ድሮ እንዲህ ነበር የሚሉን። በስልሳ ስድስት ሰልፍ የወጣነው ይቺን ቃል ለማሰረዝም ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤቴም አብሮኝ ወጣ። በግፊያው ሁለቱም ጫማው ጠፋበትና ከኔ አንዱን ሰጠሁት፤ በየአንድ ጫማችን እያነከስን ቤት ገባን።»

ልደት ሳቋ አመለጣት። ልጅቷ ግን ስርዙን ትክ ብላ እያየች ነው።

«ግን እንኖር የለም እንዴ?»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ከድነው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«መኖርማ ተከራይም ይኖራል።»